ከሠርጉ በፊት መተማ

የዘመኑ ጫጉላ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሙሽሮቹ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ይወርዳሉ፤ ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ፎቶ ሲያነሳ ይሰነብታሉ። አቅሙ የፈቀደለት ዛንዚባር ይሻገራል። ፈረንጆቹ ደግሞ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ የተገጠመለት ባለጎማ ቤት ከመኪናቸው ኋላ ይቀጥሉና ሰው የማይደርስበትን የባሕር ዳርቻ ባልና ሚስት ሆነው ሲዞሩ ይከርማሉ። አይከፋም። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ ሊጋቡ የተጫጩ ሁለት ሰዎች ድንኳን ሳይተከል፣ ጠጅ ሳይጣል፣ በሚያዝያ ሙቀት ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ አብረው ወርደው ይምጡ። ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዝምድና ካላገኙ መርቀው ይነሳሉ። ኮዳው ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ጉንጭ ውሃ ማን ለማን ይተዋል ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ምስክሮቼ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርና ትራንሲልቫኒያ የተወለደችው ፍሎረንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1861 የዓባይን ገባሮች ሊያጠኑ ከካይሮ ሲነሱ እሱ አርባ ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ እሷ ሃያ ገደማ ነበረች። የዚያን ዓመት ክረምት ያሳለፉት ሶፊ በምትባል መንደር ነው፤ መንደሪቱ ያለችው እኛ ጓንግ፣ ሱዳኖቹ አትባራ በሚሉት ወንዝ ዳር ነው። ቤከር እዚያ በ10 ቂርሽ አንድ የሣር ጎጆ ገዛ። ጎጆው የቆመበት ሰፈር አልጥም ቢለው የመንደሩን ሰዎች ሰበሰበ፤ እነሱም ቤቱን ተሸክመው ወደ ወደደው ሜዳ አደረሱለት። ባለጎማ ቤት ሳይፈለሰፍ ባለእግር ቤት ነበረ ማለት ነው። ወንዙን መሻገር ሲመጣም አልጋቸውን ከተነፋ ስልቻ ጋር አስረው፣ የመታጠቢያ ገንዳቸውን ከላይ አድርገው ታንኳ ሠሩ። ከካይሮ በተነሱ በዓመታቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ መተማ ደረሱ። ቤከር በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ዝሆንና አንበሳ ብዙ ገጽ ሲይዙ እሷ ባብዛኛው «ሚስቴ» ተብላ ታልፋለች። ንዳድ ሲጥለው ያስታመመችው፣ የአደን ልብሱን የሰፋችው፣ ራሷም በትኩሳት ወድቃ የተነሳችው ግን እሷ ናት።

አሁን የክርክሬ ፍሬ ነገር ይመጣል። እነዚህ ሰዎች መተማ ሲደርሱ በሕግ አልተጋቡም ነበር። ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚተርኩት ቤከር ፍሎረንስን ያገኛት እ.ኤ.አ. በ1859 ቪዲን በምትባል የዳንዩብ ዳር ከተማ፣ ከባሪያ ገበያ ነው። ቃል ኪዳን የገቡት ለንደን ሲመለሱ፣ በኅዳር 1865 ነው። ከመተማ በኋላ፣ ከሠርጉ በፊት ግን ወደ አልበርት ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ፀሐይ መትታት ራሷን ስታ ከርማለች፤ አጃቢዎቹም መቃብሯን ሊቆፍሩ ለዶማው አዲስ እጀታ አበጅተው ነበር። ድና ተነሳችና ሐይቁን በመጋቢት 1864 አብረው አዩት። እንግዲህ ሠርጋቸው ላይ የቆመው ካህን ያጋባው ሁለት ጊዜ ሞተው ሁለት ጊዜ የተነሱ ሰዎችን ነበር ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። አምስት መቶ ሰው ጠርተን፣ ሰንጋ ጥለን፣ መኪና አበባ አልብሰን እንጋባለን፤ ያገባነው ማን እንደሆነ የምናውቀው ውሃ የጠፋ ቀን ነው።

ለምን መተማ? መንገዱ ራሱ አስተማሪ ስለሆነ ነው። ከአዘዞ ወጥቶ አይከል ላይ ጋቢ የደረበ ሰው፣ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውኃ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከደጋ ወደ ሰሊጥና ጥጥ አገር ይገባል። መተማ ደግሞ በጥንቱ ንግድ ጭነት የሚለዋወጥበት ገበያ ነበር። ግመል ደጋውን አይወጣም፤ የደጋ በቅሎና አህያም በረሃው አይስማማቸውም። ስለዚህ ከሱዳን በግመል የመጣው እዚህ ይራገፍና በቅሎ ይጫናል፤ ከጎንደር የወረደውም እንዲሁ ወደ ግመል ይዛወራል። ግመሉ «ደከምኩ ማለት ነውር ነው» አይልም፤ በቅሎዋም «ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምሸከመው» ብላ አታኮርፍም። ከትዳር የምጠብቀው ከዚህ አይበልጥም።

ቆላው ለዚህ የሚሆን ፈተናም አያጣም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቤት ውስጥ የታመቀው ወበቅ አያስተኛም፤ አልጋን ደጅ ማውጣት ግድ ነው። አልጋ ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ አንዱ ራስጌውን ሌላው ግርጌውን ያነሳል። በሩ ጠባብ ነው። «ወዳንተ አዘንብለው»፣ «አንቺ ዝቅ አድርጊው እንጂ»፣ «እግሬን!»። ይህች አንድ ደቂቃ የምታወጣውን ጠባይ ሐይቅ ዳር የተሰነበተ አንድ ወር አያወጣውም። አልጋው በሩ ላይ ተሰንቅሮ የሚስቁ ይጋቡ። አልጋው ከወጣ በኋላ ጀርባ የሚሰጣጡ ግን ድንኳን የሚያከራየውን ሰው ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ትንሽ ያስቡበት።

ተቃዋሚ አይጠፋም። አንደኛው «ቤከር ግመል ነጂና አሽከር ነበረው፤ የሁለት ሰው ጉዞ አይደለም» ይላል። እውነት ነው። ግን ጭነት የሚሸከም በገንዘብ ይቀጠራል፤ ትኩሳት ላይ አብሮ የሚያነጋ አይቀጠርም። ሁለተኛው ወባውን ያነሳል። አጎበርና ሐኪም የሚባል ነገር አለ፤ ደግሞም አጎበሩን ማን እንደሚወጥር መከራከር ራሱ የፈተናው አካል ነው። ሦስተኛው «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል፤ መተማ ደግሞ ባሕር የለም» ብሎ ይቀልድ ይሆናል። ባሕር የሞላለትማ ሁሉም ይቀዳል፤ ጉዱ የሚታየው ከአንድ ኮዳ ሲቀዳ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ቀልድ አይወድም፦ «ሰላሙስ?» ይላል። ትክክል ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ያ ድንበር ልጅ ያዘለችና ጓዝ የተሸከመ የሚሻገሩበት በር ሆኗል፤ በእኛ በኩልም አካባቢው ከተኩስ አልራቀም። ማንም ለፍቅር ፈተና ብሎ ወደ ጥይት አይሂድ። ምክሬ መንገዱ ሲሰክን የሚፈጸም ነው፤ እስከዚያው ሙቀትና ጠባብ በር ያለው ሌላ ቆላ አይታጣም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ አሳቤን አያፈርሰውም። በዚያ ድንበር ሳይወዱ የተሻገሩት ባልና ሚስቶች የተፈተኑት ማን ምን ይሸከም በሚለው ጥያቄ ነው። መምረጥ የሚችል ሰው ይህን ጥያቄ ቀደም ብሎ፣ በሰላም ቀን፣ በገዛ ፈቃዱ ቢጠይቀው ምን ይጎዳል?

እንግዲህ ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ ከሰባት ቤቱ ቆጠራ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ያስጨምር፦ «ቆላ ወርዳችኋል ወይ?» ወርደናል ካሉ፣ ከዚያም በአንድ አውቶቡስ ተመልሰው ከሆነ ይመረቁ። ለየብቻ ተመልሰው ከሆነም ኪሳራ የለም፤ የወጣው የሁለት ሰው ታሪፍ ነው፤ ሰንጋው ገና በረት ነው፤ አምስት መቶው እንግዳም እቤቱ እራቱን በልቶ ይተኛል።