ዘቅዛቃ ጣሪያ ባለው ክፍል ሥዕል ስለሚሰቀልበት ሥርዓት የወጣ አዋጅ

ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንስዋ ማንሳር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው የጣሪያ አሠራር የፓሪስን ሰው ዶሮ ሳይሆን ቆጥ ላይ እንዲያድር ያደረገው በመሆኑ፤

ቆጥ ላይ ያደረ ሰውም ሥዕል የመስቀል መብት ቢኖረውም፣ ግድግዳው ገና ወገቡ ላይ ሲደርስ የሚጎብጥበት በመሆኑ፤

በአንድ ሚስማር የተንጠለጠለ ሥዕል ከጣሪያው ተለይቶ እየተወዛወዘ ከሥሩ የተኛውን ሰው እንቅልፍ የሚነሳ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የዘቅዛቃ ጣሪያ ሥዕል አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅም ሰው ሲጠቅሰው ጎንበስ ይላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ
1/ «ድንክ ግድግዳ» ማለት ጣሪያው ወርዶ ሳይጨርሰው ከወለሉ ጥቂት ቀና ለማለት የበቃ ግድግዳ ነው።
2/ «ወራጅ» ማለት ጣሪያውን ተሸክሞ ከጂፕሰም ቦርዱ ጀርባ የተሸሸገ እንጨት ነው።
3/ «ግድግዳ» የሚለው ቃል ጣሪያን ይጨምራል፤ የት ላይ እንደሚለያዩ ስላልታወቀ።

አንቀጽ 3፤ የቅድሚያ መብት
1/ ትልቅና ከባድ ሥዕል የሚሰቀለው ጣሪያው በግራና በቀኝ ወርዶ በሚተወው ባለ ሦስት ማዕዘን ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ነው።
2/ ሙዚየሞች የሥዕሉን መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚያደርጉት ለቆመ ተመልካች ነው። በዚህ ክፍል ተመልካቹ ተቀምጦ ወይም ጎብጦ ስለሚያይ ልኩ ከዓይኑ ጋር ይወርዳል።
3/ ድንክ ግድግዳ ትናንሽ ሥዕሎችን በአንድ ረድፍ ብቻ ያስተናግዳል።

አንቀጽ 4፤ በዘቅዛቃው ላይ ስለ መስቀል
1/ የሥዕሉ ላይኛውም ታችኛውም ጠርዝ ይታሰራል። ላዩ ብቻ ከታሰረ ታቹ ከጣሪያው ይሸሻል።
2/ ቪቴው ወራጁን ፈልጎ ያገኛል። ጂፕሰም ቦርዱን ብቻ የያዘ ፊሸር ሸክሙ ወደ ውጭ ስለሚስበው እየላላ ይሄዳል።
3/ ከአልጋ በላይ መስታወት ያለው ፍሬም መስቀል ክልክል ነው። በምትኩ አክሪሊክ ወይም ያለ መስታወት የተወጠረ ሸራ ይፈቀዳል።
4/ ከጣሪያ መስኮት የሚገባው ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ የውሃ ቀለም ሥዕል አይሰቀልም፤ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዛልና።

አንቀጽ 5፤ ስለ ውሃ ልክ
1/ ቀጥ ባለው ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ለወለሉ እንጂ ለጣሪያው አይታዘዝም። ፍሬሙን ከጣሪያው መስመር ጋር አጋድሞ መስቀል በአድርባይነት ያስጠይቃል።
2/ ከታች ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ቀኝ» እያለ ከሁለት ጊዜ በላይ ያዘዘ ሰው መሰላሉን ራሱ ይወጣል።

አንቀጽ 6፤ ነፃ ስለ መደረግ
የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ከጣሪያው ጋር አንድ አካል ሆነው የተሣሉ በመሆናቸው ሚስማርም ሆነ ፈቃድ አይጠየቁም።

አንቀጽ 7፤ ቅጣት
ሥዕሉን ለማቃናት በድንገት ቀና ያለ ሰው አናቱን በጣሪያው ይመታል። ቅጣቱ ያለ ዳኛ ወዲያውኑ ይፈጸማል፤ ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 8፤ ስለ ተሻሩ ሕጎች
ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ልማድ ተሽሯል። ሆኖም ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው የስበት ሕግ እንደጸና ይቆያል።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ቪቴው ወራጁን ካገኘበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።