ፓስፖርት የሌለው ጠርሙስ

ናፓ ሸለቆ ያለ አነስተኛ ወይን ጠማቂ ኒውዮርክ ላለ ደንበኛው ስድስት ጠርሙስ ልላክ ብሎ ቢነሣ፣ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ካርቶን ሳይሆን ጠበቃ ነው። የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ በ1933 ሲሻር፣ 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጠጡን ጉዳይ ለየክፍለ ግዛቱ አስረከበ። እነሱም አደራ አልበሉም፤ ሃምሳ ዓይነት ሕግ ጠመቁ። ፈቃዱ ለብቻ፣ ግብሩ ለብቻ፣ ሪፖርቱም ለብቻ።

የመንግሥት ፖስታ ቤቱማ መጠጥ አይነካም፤ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው። የግል አመላላሹ ቢቀበል እንኳ፣ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ቤት ተገኝቶ ካልፈረመ ጠርሙሱ ወደ መጣበት ይመለሳል። በበጋ ሙቀት አሪዞናን ደርሶ መልስ ያቋረጠ ወይን ደግሞ ከኮምጣጤ ጋር ዝምድና ሳይጀምር አይቀርም።

በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሚሺጋንንና ኒውዮርክን የቤታችሁን ጠማቂ ፈቅዳችሁ የውጭውን መከልከል አትችሉም አላቸው። ጠማቂዎች ጽዋ አነሡ። ሁሉንም እኩል መከልከል ግን፣ ያው እኩልነት ነው።

ዋሽንግተን ያላችሁ ዘመዶቼ፣ በፌዴራሉ ሕግ ጠጅም ወይን ነውና፣ እባካችሁ በፖስታ አትላኩልኝ።