የሶሌታ ሐኪሞች

አኖ ከተማ ላይ ቤት ሲያፈስ ምርመራው አጭር ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የላላችውን ሚስማር ፈልጎ መምታት፣ እስከዚያው ሳፋ መደቀን። ነቀምቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤቱን ማደስ የጀመረ ሰው ግን ለአንድ ቡናማ እድፍ ሦስት ሐኪም ይጠራል። ቀለም ቀቢው ገና ከበሩ ቀና ብሎ «እርጥበት ነው፣ ስቱኮ ይበቃዋል» ይላል። ቧንቧ ሠራተኛው የላይኛው ጎረቤት ሽንት ቤት መፍረስ እንዳለበት ቅንጣት አይጠራጠርም። ግንበኛው ማርቴሎውን አንስቶ ጣሪያውን ያንኳኳና ፊቱ ይለዋወጣል፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሶሌታ እኮ ባዶ ነው!»

እውነቱን ነው። ሲመረትም ባዶ ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ከተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጋር የተስፋፋው ይህ ወለል፣ ቀድመው በተመረቱ ቀጫጭን የአርማታ ቢሞች መካከል ሆሎው ብሎክ ተደርድሮ ከላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር አርማታ የሚፈስበት ነው። ሸክሙን የሚይዘው ቢሙ ነው፤ ብሎኩ ቦታ ይሞላል። ብሎክ አንኳኩቶ መደንገጥ ከበሮን ባዶ ነህ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። መንኳኳት ያለበት ቢሙ ነበር። እዚያ የላላ ድምፅ ከመጣ፣ በርዝመቱ የዝገት መስመር ከወጣ፣ ወይም አቋርጦት የሚያልፍ ስንጥቅ ካለ ነገሩ ከረር ይላል፤ ውስጥ ያለው ፌሮ ዝጎ አብጦ አርማታውን እየገፋ እየሸረፈው ነው ማለት ነው። በብሎኩና በቢሙ መገናኛ ቀጥ ብላ የምትሄደው ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ናት። ባለቤቱን እንቅልፍ የምትነሳው ግን እሷ ናት።

ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለምታገኝ ጥፋቱ ሁሉ በሰማይ ይሳበባል። አንደኛ ፎቅ የሚኖረውም ክረምቱን ይረግማል፣ ከራሱ በላይ ሌሎች ቤቶች መኖራቸውን ረስቶ። የላይኛው ጎረቤት ባለፈው እድሳት ሽንት ቤቱን ወደ ሌላ ጥግ ሲያዛውር ቱቦው መንገድ አጥቶ ነበር። «ፌሮዋ ዘጋችብን» ተባለ፤ ፌሮዋም ተቆረጠች። ይህን ከእድፉ ጋር ያያያዘ ሐኪም አልተገኘም።

ውሳኔው የታወቀ ነው፦ ጣሪያው ጂፕሰም ቦርድ ይለብሳል፣ ባለ መብራት። ሦስቱም ይከፈላቸዋል። ላይ ደግሞ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በደረጃው እየወጣ ነው፤ ሲሞላ አንድ ቶን። ቦታውም ተመርጦለታል፤ ያው ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ «ለቱቦው ይቀርባል» ተብሎ።