የሚጥሚጣ ትምህርት

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ደብረ ብርሃን።

ጋሼ፣ እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከቡችላዬ ከሚጥሚጣ ጥርስ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

«በርሊን ሌባ አለ እንዴ ውሻ የምታሳድገው?» ብለው ሳቁ አሉኝ። ሚጥሚጣ ሌባ ብታይ ጫማውን ልሳ ነው የምታስገባው። ግብር ግን ይከፈልባታል፤ ከተማው በዓመት 120 ዩሮ ይቀበለኛል። ሁለተኛ ውሻ ብጨምር የዚያኛው 180 ነው። የፋሲካው ገንዘብ ካነሰብዎ የት እንደገባ ይወቁት።

«አንድ ሁለቴ በአርጩሜ ሸንቆጥ አድርጊያት» ያሉት ምክርም ደርሶኛል። እዚህ አገር ግን ከ2022 ጀምሮ ውሻን ሾህ ባለው የአንገት ማሰሪያም ሆነ በሌላ በሚያሳምም ነገር ማሠልጠን በሕግ ተከልክሏል። እኛን ያሳደገችን አርጩሜ በርሊን ብትመጣ ፍርድ ቤት ትቆም ነበር።

ሕጉ ባይኖርም ዱላው አይጠቅምም። ቡችላ ምንጣፍ ላይ ሸንታ ከቆየች በኋላ ብንቆጣት፣ ቁጣውን ከሽንቱ ጋር አታያይዘውም፤ እኛን መፍራት ብቻ ትማራለች። ከዚያ ወዲያ ከሶፋው ኋላ ተደብቃ ነው የምትሸናው። ስለዚህ ዝም ብሎ መወልወል ነው። ከእንቅልፏ ስትነሣ፣ ስትበላ፣ ተጫውታ ስታበቃ ቶሎ ደጅ ማውጣት፤ እዚያ ስትሸና ሳይውል ሳያድር አመስግኖ ማጉረስ። ጉርሻው ከዘገየ ቅጠል በማሽተቷ የተሸለመች ይመስላታል።

ምስጋናው በደስታ ድምፅ ይሁን ተባልኩ። እኔ የማውቀው የደስታ ድምፅ እልልታ ነው። እናም ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሮጥ፣ እኔ በማለዳ ዛፍ ሥር ቆሜ እልል እላለሁ። ጎረቤቴ አሮጊቷ መጀመሪያ መስኮታቸውን ዘጉ። ኋላ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬም ሠርግ ነበር?» አሉኝ። አሁን እልልታዬን ያልሰሙ ቀን «ምነው፣ ታመመች እንዴ?» ብለው ይጨነቃሉ።

ጉርሻው ከወጣችን አይደለም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቸኮሌትና የወይን ፍሬም እንዲሁ። የምሰጣት የተቀቀለ ዶሮ ነው፣ ያለ አጥንት፣ ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ። ዶሮ ወጥ ስሠራ ከሥሬ ቁጭ ብላ በትዝብት ታየኛለች፤ ጾም ያስያዝኳት ይመስላታል።

አሁን ጥርሷን እየለወጠች ነው። የወተት ጥርሶቿ 28 ነበሩ፤ የሚተኳቸው 42 ናቸው። የበቀለውን ሁሉ እጄ ላይ ትሞክረዋለች። ስትነክሰኝ አልጮህም፤ ጨዋታውን አቁሜ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ባጭሩ አኮርፋታለሁ። በኩርፊያ እህትዎ በሚገባ አሠልጥናኛለች፤ ልዩነቱ የእኔ ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም፣ የእማዬ ሳምንት ይፈጃል። ሚጥሚጣ ብቻዬን ቀረሁ ብላ ስትረጋጋ እመለስና የምታኝከው አሻንጉሊት እሰጣታለሁ። እጄ ዐርፏል፤ የባለቤቴ ካልሲ ግን ገና ነው።

እርስዎም በውሻዎ በሻምበል ይሞክሩት። እንግዳ መጥቶ ሲጮህ አይቆጡት፤ ዝም ያለበትን ቅጽበት ጠብቀው ቁራሽ እንጀራ ይጣሉለት። ውሎ አድሮ ዝምታ እንደሚያበላ ይገባዋል። ሻምበል እስከ ዛሬ ጯሂ የሆነው እርስዎ አብረውት ስለሚጮኹ ነው አልልም፤ የእህት ልጅ ለአጎቷ እንዲህ አትልም። እንዲህ የምትለው እማዬ ናት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ
ከበርሊን