ሽጉጡ ያልተኛበት ሳጥን

ልጅ ሆኜ የመቅደላ ታሪክ ሲነገር አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላድርም ነበር፦ «ያ ሽጉጥ ከእንግሊዝ አገር ሲመጣ በምን ተደርጎ መጣ?» ንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታውን በቆንስል ካሜሮን እጅ እንደላከች፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በዚያው ሽጉጥ ራሳቸውን እንዳጠፉ አያቴ ደጋግመው ነግረውኛል። በምን እንደመጣ ስጠይቃቸው ግን «አንተ ልጅ፣ የንጉሥ ሞት እየተወራ ስለ ማሸጊያ ትጠይቃለህ?» ይሉኝ ነበር።

ጥያቄው አብሮኝ አድጎ እንግሊዝ አገር ድረስ ተከተለኝ። አንድ ቀን ሊድስ ከተማ፣ ሮያል አርመሪስ በሚባለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ውስጥ፣ ክዳናቸው የተከፈተ የዚያ ዘመን የሽጉጥ ሳጥኖች ፊት ቆምኩና እግሬ አልነቃነቅ አለኝ።

እንደ ሙሽራ ሳጥን ናቸው። ከኦክ ወይም ከማሆጋኒ እንጨት ይሠራሉ፤ ውስጣቸው የከረንቡላ ጠረጴዛ በሚለብሰው ዓይነት አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ ይለበጣል። እንግሊዞች ሳጥኑን በቀጫጭን እንጨት ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ዕቃ ጓዳ ይሰጡታል። ፈረንሳዮች ደግሞ በየዕቃው ቅርጽ ጎድጓዳ ያበጁና በከፋይ ይለብጡታል። ሽጉጡ መሃል ይተኛል፤ ዙሪያውን የባሩድ መያዣው፣ የጥይት ማፍሰሻው፣ የዘይት ጠርሙሱ፣ መፍቻውና የቆብ ቆርቆሮው ይከቡታል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ አልነበረም። ያኔ ጥይት እንደ ዛሬው በቀለህ ታሽጎ አይሸጥም። ባለቤቱ ራሱ እርሳስ አቅልጦ ያፈሳል፤ ባሩዱን ሰፍሮ በሚሽከረከረው ከበሮ ቀዳዳዎች ይጨምራል፤ እርሳሱን በላዩ ይጠቀጥቃል፤ ከኋላ በኩል ሲመታ እሳት የሚተፋውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል። ከዚህ ጓዝ አንዱ ከጎደለ ሽጉጡ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ የሽጉጡ ግማሽ አካል ነው።

የስምንት ወር ቁጠባዬን ይዤ አንዲት ትንሽ ከተማ ጨረታ የሄድኩት ይህን ተምሬ ነው። የቀረበው እ.ኤ.አ. የ1851 ሞዴል ኮልት ኔቪ ሽጉጥ ነበር። ሠሪው ሳሙኤል ኮልት ዋና ፋብሪካው አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ቢሆንም በ1853 ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ሌላ ከፍቶ እስኪዘጋው ድረስ ወደ 42 ሺህ የሚጠጉ ኔቪዎች ወጥተውበታል። ይህ ከነዚያ አንዱ ነው። አፈሙዙ ላይ የለንደን አድራሻ ተቀርጿል። ከበሮው ላይ ደግሞ በ1843 የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች የተዋጉት የባሕር ጦርነት በተቀረጹ መስመሮች ይታያል። በአጉሊ መነጽር የመርከቦቹን ሸራ ቆጠርኩ። በየክፍሉ የተመታው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። «ከዘመኑ ሳጥን ጋር» ይላል የጨረታው ጽሑፍ። እጄን አወጣሁ፤ አሸነፍኩ። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለውን ጥንታዊ መሣሪያ ለጌጥና ለቅርስ ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚፈቅድ በማግስቱ ቤቴ ገባ።

ያን ቅዳሜ የአገሬን ሰው ጠራሁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ለንደን ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ ሲያድሱ የኖሩ አናጢ ናቸው። ቡና ተፈላ፤ ሳጥኑን ፊታቸው ከፈትኩላቸው። ሽጉጡን እንኳ አላዩትም። አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና የተኛበትን ጨርቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ስንት ዓመት ተኛበት አልከኝ?»

«ከ160 ዓመት በላይ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አሻራው የታለ?»

ዝም አልኩ። አንድ ኪሎ የሚያልፍ ብረት ያን ያህል ዘመን ከተኛበት ሱፉ ይጎደጉዳል፤ ዘይትና ዝገት ጠርዙን ያጠቁረዋል። ይህ ጨርቅ እንደ ትናንት ለስላሳ ነው። ጋሼ በቀጭን ቢላ የጨርቁን ጥግ ብድግ አደረጉት። ከሥሩ በረድፍ የተደረደሩ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ታዩ። «የቢላና የማንኪያ ሳጥን ነበር» አሉኝ በሐዘን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የገንዘብ ኖት የሚመረመርበትን ሰማያዊ መብራት አምጥቼ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን የመመሪያ ወረቀት አበራሁበት። እንደ በረዶ ነጣ። ወረቀት እንዲህ የሚያበራው ማንጫ ኬሚካል ሲጨመርበት ነው፤ ያ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የጥይት ማፍሰሻውን ለካሁት፤ የሌላ ሽጉጥ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው እርሳስ በዚህ ከበሮ ቀዳዳ አይገባም። ለጨረታ ቤቱ ጻፍኩ። ዕቃው የተሸጠው እንዳለ ነው፣ ተመላሽ የለም የሚል መልስ መጣ።

ገንዘቤ አሳዝኖኛል። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ሳጥን ምስክር ነው። ሽጉጡ ከማን ጋር እንደኖረ፣ በምን እንደጎረሰ፣ በማን እጅ እንደተወለወለ የሚናገረው እሱ ነው። ዋጋ ለማናር ተብሎ የሐሰት ሳጥን ሲሠራለት እውነተኛው ሽጉጥ አብሮ ይጠረጠራል። ከዚያም አልፎ አንድ የቢላና የማንኪያ ሳጥን ታሪኩን ተገፏል።

መልሶ መሸጥ ይቻል ነበር፤ የመከሩኝም ነበሩ። እኔ ግን ሌላውን ሰው እኔ በወደቅሁበት ጉድጓድ ልጥል አልሻም። ወረቀት ወሰድኩና ሽጉጡ እውነተኛ፣ ሳጥኑ ግን በኋላ የተሠራ መሆኑን፣ ማስረጃዎቹንና ቀኑን ጽፌ፣ ያን ነጭ ወረቀት አንስቼ በምትኩ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩት። ጋሼ የጨርቁን ጥግ መልሰው አጣበቁልኝ።

ከዚያ ሽጉጡን አስተኛሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቁ ላይ የሚወጣው አሻራ የራሱ ነው።