መብራቱም አፍ አወጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ አንዲት ሥራ ነበረችኝ፤ በጠፋ የመንገድ መብራት ላይ ማሳበቅ። ከራት በኋላ ጋቢዬን ደርቤ እዞራለሁ፣ የምሰሶውን ቁጥር በወረቀት እይዛለሁ፣ ሲነጋ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውዬ አቤት እላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ?

ይህችንም ቀሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተማው ከግል ባለሀብቶች ጋር ሽርክና ገባ። ከ75,000 በላይ የመንገድ መብራት ወደ ኤልኢዲ ሊቀየር፣ ዋጋው 309 ሚሊዮን ዶላር፣ ውሉ የ15 ዓመት። አስራ አምስት! እኔ የማቅደው እስከ ፋሲካ ነው፣ እነሱ እስከ 2037 ተፈራረሙ።

የልጅ ልጄ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ባለሀብቱ ገንዘቡን አምጥቶ ይቀይራል፣ ይጠግናል፤ ከተማው በየጊዜው ይከፍለዋል፤ መብራቱ ጠፍቶ ከቆየ ከክፍያው ይቆረጥበታል። «ታዲያ ይሄ እድር አይደል? ቀብር የቀረ ይቀጣል» አልኩት። ግን ልዩነት አለው። እድራችን ውስጥ ቅጣት ሲነሳ ሁሉም ያን ቀን ታሞ ነበር። ኩባንያ ሲታመም ጠበቃ ይልካል።

የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል አሉ፣ ይቀንስ፤ የእኔን ኪሳራ ማን ያስላልኝ? በድሮው ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ሥር ሁላችንም አንድ መልክ ነበርን፤ የተቀባው ጢም ካልተቀባው አይለይም ነበር። ኤልኢዲ ግን ቀለምን እንዳለ ያሳያል። ባለፈው ዩ ስትሪት አካባቢ ያገኘኝ ወዳጄ ገና ሰላም ሳይለኝ «አንተ፣ መቼ ተቀባህ?» አለኝ። በአደባባይ! የእግዜር ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ይሁን፣ ጢሙንስ እላጨዋለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ልጁ ስልኩን እየነካካ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ አትድከም፤ አዲሱ መብራት ከሩቅ ነው የሚቆጣጠሩት፤ ሲበላሽ ራሱ ያሳውቃል» አለኝ።

ራሱ ያሳውቃል! የእኛ ሰው ስኳሩን ከሚስቱ ደብቆ ስንት ዓመት ይኖራል፣ ምሰሶው ትንሽ ሲያመው ለሐኪሙ ይናገራል። ታዲያ እኔ ማታ ማታ ለምን ልውጣ? መብራቱን ላደንቅ?

ደግነቱ፣ ትናንት ሰፈሬ ውስጥ አስፋልቱ ተቦርቡሮ አየሁ፤ ጫማዬን እስከ ክሩ የሚውጥ ጉድጓድ። እሱ ገና አፍ አላወጣም። የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ይዣለሁ፤ ጠዋት ቡናዬን እንደጠጣሁ እደውላለሁ።