የርካሽ ክር ኢኮኖሚ

ከሰልባጅ ተራ አሮጌ ሹራብ በርካሽ ገዝቶ፣ ተርትሮ፣ ክሩን እንደገና መሥራት የቁጠባ ሁሉ አባት ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ሹራቡ ከአዲስ ክር ይረክሳል፣ መተርተሩም ነፃ ነው፤ የሴት ጊዜ በብር ተተምኖ አያውቅምና። «እንዳለ ቢለበስስ?» የሚሉ ሰነፎች አይጠፉም። መልበስማ ማንም ይለብሳል! በመቀስ ተቆርጦ በማሽን የተገጣጠመ ሹራብ ሲተረተር በየረድፉ እየተበጠሰ ቁርጥራጭ ብቻ ይሰጣል፤ ይህም ቋጠሮውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስገኛል። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ከተጣበቀ ደግሞ ጭራሽ አይተረተርም፤ እሱ በደንብ የተቆጠበ ነው።

ምን ይሠራበት ከተባለ፣ ዳንቴል ነዋ! ለሶፋው፣ ለፍሪጁ፣ ለቴሌቪዥኑ። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ዳንቴል የሚያርፍበት አናት የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ከስክሪኑ ፊት እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላ፤ ዜናው በቀዳዳዎቹ በኩል ይታያል፤ አንዳንዱ ዜናማ ተጣርቶ ቢደርስ ይመረጣል። ክሩ መሀል ላይ ካለቀ ሌላ ሹራብ ይገዛል፤ ቀለሙ ስለማይገጥም ሁለተኛ ዳንቴል ይጀመራል። ዳንቴል የሚለብስ ዕቃ ከቤት ሲጠፋም፣ በዕቁቡ ብር ብፌ ይገዛል።